መንግሥት በክሬዲት ካርድ ወለድ ላይ ጣሪያ ማበጀት አለበትን?

ባለዕዳ የነበረችው (የውይይቱ ከፋች)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ይህን ውይይት የከፈትሁት በአሜሪካ በተደጋጋሚ በሚነሣው፣ የክሬዲት ካርድ ወለድን በሕግ የመገደብ ሐሳብ ላይ የሰከነ አስተያየት ለመስማት ነው። በ2019 ሴናተር በርኒ ሳንደርስና የተወካዮች ምክር ቤት አባሏ አሌክሳንድሪያ ኦካሲዮ-ኮርቴዝ የ15 በመቶ ጣሪያ እንዲደነገግ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በ2024 የምርጫ ዘመቻ ዶናልድ ትራምፕ ጊዜያዊ የ10 በመቶ ጣሪያ እንደሚያበጁ ቃል ገቡ፤ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሳንደርስ ከሪፐብሊካኑ ጆሽ ሃውሊ ጋር ሆነው ለ5 ዓመት የሚጸና የ10 በመቶ ጣሪያ ረቂቅ ለሴኔት አቀረቡ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) በብዙ ነገር የማይስማሙ ፖለቲከኞች በዚህ አንድ ጉዳይ ላይ መገናኘታቸው ጉዳዩን በጥሞና እንድመለከተው አድርጎኛል።

የራሴን ልምድ ልናገር። በአንድ ወቅት 5,000 ዶላር የካርድ ዕዳ ነበረብኝ፤ ወለዱም በዓመት 24 በመቶ ነበር። ካርዱን መጠቀም አቁሜ በየወሩ 150 ዶላር ሳላጓድል ከፈልሁ። የመጀመሪያው ወር ሂሳብ ሲደርሰኝ ከከፈልሁት 150 ዶላር ውስጥ 100ው ለወለድ፣ 50ው ብቻ ለዋናው ዕዳ እንደዋለ አየሁ፤ ጠቅላላውን ግን በእውነት ያሰላሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ዕዳው እስኪያልቅ 56 ወር ገደማ ፈጅቷል፤ ለወለድ ብቻ 3,300 ዶላር ገደማ ከፍያለሁ። ወለዱ 10 በመቶ ቢሆን ኖሮ በዚያው 150 ዶላር 40 ወር ባልሞላ ጊዜ እጨርስ ነበር፤ ወለዱም ከ900 ዶላር አይበልጥም ነበር።

ስለዚህ የእኔ ዝንባሌ የታወቀ ነው፤ ጣሪያው ይበጅ ባይ ነኝ። ነገር ግን የራሴ ምሬት እንዳያሳስተኝ ስለምፈራ ተቃራኒውን ሐሳብ በደንብ ከሚያውቁት ሰዎች መስማት እፈልጋለሁ።

---

ውል ይከበር

እኅቴ፣ ሐዘንዎ ይገባኛል፤ ዳሩ ግን ካርዱን ማንም በግድ አላስያዘዎትም። የወለዱ መጠን በውሉ ላይ ተጽፏል፤ ሙሉ ዕዳውን በየወሩ የሚከፍል ሰው ደግሞ የእፎይታ ጊዜ ስላለው ለገዛው ዕቃ አንዲት ሳንቲም ወለድ አይከፍልም። አቅሙን አውቆ የሚጠቀም ሰው በነፃ የሚበደርበትን መሣሪያ ሌላው ስለተጎዳበት ብቻ መንግሥት ዋጋውን ይወስን ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

---

የቀድሞ አበዳሪ

ለብዙ ዓመታት በካርድ ብድር ክፍል ስለሠራሁ፣ ወለዱ ከምን ከምን እንደሚገነባ ማስረዳት የምችል ይመስለኛል። ይህን የምጽፈው ባንኮችን ለመከላከል አይደለም፤ ጣሪያው ምኑን እንደሚነካ ሳይታወቅ ስለ ጣሪያው መነጋገር ውሃ ወቀጣ ስለሚሆን ነው።

የካርድ ብድር መያዣ የለውም። ለቤት ያበደረ ባንክ ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ቤቱን ይሸጣል፤ ለካርድ ያበደረ ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ የተበላው ምግብና የተነዳው ነዳጅ አይመለስም። ስለዚህ በወለዱ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። አንደኛው ባንኩ ራሱ ገንዘቡን የሚያገኝበት ዋጋ ነው፤ ይህም ከአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ከፌዴራል ሪዘርቭ፣ ውሳኔ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለተኛው ከማይመለሰው ብድር የሚመጣው ኪሳራ ነው፤ የሚከፍሉት ሰዎች የማይከፍሉትን ሰዎች ዕዳ ይሸፍናሉ ማለት ነው። ሦስተኛው የሥራ ማስኬጃው ነው፤ ማጭበርበርን መከላከል፣ ደንበኛን መመዝገብ፣ ስልክ መመለስ፣ ዕዳ ማስታወስ፣ ማስታወቂያም ጭምር። አራተኛው ትርፉ ነው።

የተበዳሪዎች የብድር ነጥብ፣ ማለትም ዕዳ የመክፈል ታማኝነታቸው የሚለካበት ቁጥር፣ በሰፊው ይለያያል። ነጥቡ ከፍ ያለው ሰው ለባንኩ የሚያስከትለው ኪሳራ አነስተኛ ስለሆነ በ10 በመቶ ሊበደር ይችል ይሆናል። ነጥቡ ዝቅ ያለው ግን ከኪሳራው ብቻ የሚመጣው ወጪ ከ10 በመቶ በላይ ሊሄድ ይችላል። ሕጉ «ከ10 በላይ አታስከፍል» ሲል ባንኩ የሚሰማው «ለዚህ ሰው አታበድር» የሚለውን ነው። ያ ሰው የብድር ፍላጎቱ ግን አብሮ አይጠፋም። ደመወዝ እስኪደርስ ወደሚያበድሩት ሱቆች ይሄዳል፤ እዚያ ለሁለት ሳምንት ብድር ከ100 ዶላር 15 ዶላር ሲከፍል፣ በዓመት ሲሰላ 390 በመቶ ገደማ ይሆንበታል። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

---

ቁጥር ወዳጅ

የቀድሞ አበዳሪ የዘረዘሩት ትክክል ነው፤ ነገር ግን አራተኛውን፣ ትርፉን፣ በአንዲት ቃል አለፉት። እኔ እዚያው ላይ ልቆም እፈልጋለሁ።

የአሜሪካ የሸማቾች የፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ባወጣው ስሌት መሠረት አማካይ የካርድ ወለድ በ2013 መጨረሻ 12.9 በመቶ ነበር፤ በ2023 ደግሞ 22.8 በመቶ ደርሷል። ጭማሪው ወደ 10 የመቶኛ ነጥብ ይጠጋል። አሁን ይህን ጭማሪ እንከፋፍለው። ባንኮች ለምርጥ ደንበኞቻቸው የሚያስቀምጡት መነሻ ወለድ በ2013 3.25 በመቶ፣ በ2023 አጋማሽ 8.5 በመቶ ነበር፤ ይህ የገንዘቡ መግዣ ዋጋ መወደዱን ያሳያል፤ ልዩነቱም 5.25 ነጥብ ነው። የቀረው 4.65 ነጥብ ግን ከፌዴራል ሪዘርቭ ጋር ግንኙነት የለውም። ባንኮች ከመነሻው ወለድ በላይ የሚጨምሩት ልዩነት ከ9.65 ወደ 14.3 ነጥብ ያደገ መሆኑን ነው የሚያሳየው። በነዚያ ዓመታት ሰዎች ዕዳቸውን የመክፈል ልማዳቸው በዚሁ ልክ ተበላሽቷል የሚል ማስረጃ ካለ ማየት እፈልጋለሁ።

«ውድድር ወለዱን ያወርደዋል» የሚለው ተስፋም ያረጀ ተስፋ ነው። ሎውረንስ ኦሱቤል የተባለው የኢኮኖሚ ባለሙያ በ1991 ባሳተመው ጥናት፣ በ1980ዎቹ የባንኮች የገንዘብ መግዣ ዋጋ ሲወርድ የካርድ ወለድ ግን 18 በመቶ አካባቢ ተቸንክሮ እንደቀረ አሳይቷል፤ ያውም በሺዎች የሚቆጠሩ ካርድ ሰጪዎች ባሉበት ገበያ። ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ለሰው ልጅ ባሕርይ የቀረበ ነው፤ ካርድ የሚያወጣ ሰው «እኔ ዕዳ አላሳድርም» ብሎ ስለሚያስብ ወለዱን አያይም፤ የሚያየው በካርዱ ሲገዛ የሚሰጠውን የስጦታ ነጥብ ነው። ወለዱን የሚያየው ዕዳው ካደረ በኋላ ነው።

ለውል ይከበር አንድ ነገር ልጨምር። ዝቅተኛው ወርኃዊ ክፍያ በብዙ ካርዶች የወሩ ወለድ ሲደመር ከዋናው ዕዳ 1 በመቶ ነው። ከላይ የተጠቀሰው የ5,000 ዶላር ዕዳ በመጀመሪያው ወር ዝቅተኛ ክፍያው ልክ 150 ዶላር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየወሩ እየቀነሰ ይሄዳል። እኅታችን 150ውን አጥብቀው ባይይዙና የተጠየቁትን ዝቅተኛ ክፍያ ብቻ ቢከተሉ ኖሮ ከ69 ወር በኋላ እንኳ የዕዳው ግማሽ በቦታው ይኖር ነበር። ይህ በውሉ ላይ ተጽፏል፤ አዎ። ግን ውሉን የጻፈው ማን ነው?

---

የሕግ ተማሪ

ከላይ የተባለውን ሳነብ ሁላችንም ጣሪያውን እንደ አዲስ ፈጠራ እያየነው መሆኑ አስደነቀኝ። በአሜሪካ ለረጅም ዘመን እንግዳ የነበረው ጣሪያ አልባነቱ ነው። አብዛኞቹ ክፍለ ግዛቶች ወለድን የሚገድብ የአራጣ ሕግ ነበራቸው፤ ሕጎቹ የፈረሱበት መንገድ ደግሞ ሕዝብ ተወያይቶ፣ ድምፅ ሰጥቶ የወሰነበት አይደለም።

በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የሚኒሶታው ማርኬት ናሽናል ባንክ የከሰሰበትን ጉዳይ ተመለከተ። በነብራስካ የተቋቋመ አንድ ባንክ ለሚኒሶታ ነዋሪዎች ካርድ ይሰጥ ነበር፤ ነብራስካ እስከ 18 በመቶ ስትፈቅድ የሚኒሶታ ጣሪያ 12 በመቶ ነበር። ፍርድ ቤቱ ሀገር አቀፍ ፈቃድ ያለው ባንክ የሚገዛው ደንበኛው በሚኖርበት ሳይሆን ባንኩ በተቋቋመበት ክፍለ ግዛት የወለድ ሕግ ነው ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። የተረጎመው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ካርድ የሚባል ነገር ሳይታሰብ የወጣን ሕግ ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ደቡብ ዳኮታ ጣሪያዋን አነሣች፤ ሲቲባንክ በ1981 የካርድ ሥራውን ከኒውዮርክ በደቡብ ዳኮታ ወዳለችው ሱ ፎልስ ከተማ አዛወረ፤ ደላዌርም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ሕግ አወጣች። የቀሩት ክፍለ ግዛቶች ጣሪያቸው በወረቀት ላይ ቢኖርም ለካርድ ትርጉም አጣ።

በ1991 ደግሞ ሴኔቱ የ14 በመቶ ጣሪያ የሚደነግግ ማሻሻያ በ74 ድምፅ ለ19 አሳልፎ ነበር፤ ሐሳቡን ያቀረቡት የኒውዮርኩ ሴናተር አልፎንስ ዳማቶ ናቸው። በማግስቱ የባንክ አክሲዮኖች ማሽቆልቆል ጀመሩ፤ በሳምንቱ መጨረሻ የዳው ጆንስ የአክሲዮን ዋጋ መለኪያ በአንድ ቀን 120 ነጥብ ወረደ፤ ማሻሻያውም ሕግ ሳይሆን ቀረ። ስለ 10 በመቶ ረቂቅ ስንነጋገር ይህን ማስታወስ ይገባል፤ በምክር ቤት ሰፊ ድጋፍ ያገኘ ሐሳብ በቀናት ውስጥ ሊተን ይችላል።

---

ባለዕዳ የነበረችው

ይህን ታሪክ ፈጽሞ አላውቀውም ነበር። የምጠይቀው ግን የሚከተለውን ነው፤ የነብራስካና የሚኒሶታ ዓይነት ጣሪያዎች በነበሩበት ዘመን ዝቅተኛ ገቢ ያለው ሰው ካርድ ያገኝ ነበር ወይ? ካላገኘ የቀድሞ አበዳሪ ያሉት እውነት ይሆናል ማለት ነው።

---

የቀድሞ አበዳሪ

በአብዛኛው አያገኝም ነበር። ከዚህም የሚበልጥ ነገር ልንገራችሁ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ብዙ ክፍለ ግዛቶች ጣሪያው 6 በመቶ አካባቢ ስለነበር ለደመወዝተኛ ትንሽ ብድር የሚሰጥ ሕጋዊ አበዳሪ አልነበረም፤ ቦታውን የያዙት ሕገወጥ አራጣ አበዳሪዎች ነበሩ። ለድሀው ተቆርቋሪ የነበረው ራስል ሴጅ ፋውንዴሽን በ1916 ባስተዋወቀው የትናንሽ ብድሮች ሞዴል ሕግ የጠየቀው ጣሪያው እንዲወርድ ሳይሆን ከፍ እንዲል ነው፤ በወር 3.5 በመቶ፣ በዓመት 42 በመቶ መሆኑ ነው። በዘመኑ አራጣን ይዋጉ የነበሩት ሰዎች ያቀረቡት ሐሳብ ይህ ነበር።

የማርኬት ፍርድ የተሰጠበትንም ዘመን አንርሳ። በ1980 መነሻው ወለድ ከ20 በመቶ አልፎ ነበር። የኒውዮርክ ጣሪያ ባለበት ቆሞ የገንዘቡ መግዣ ዋጋ ከጣሪያው በላይ ሲወጣ ሲቲባንክ በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ይከስር ነበር። ወደ ሱ ፎልስ የወሰደው ስግብግብነት ብቻ አይደለም።

---

ከሩቅ ተመልካች

ውይይቱ በአሜሪካ ብቻ ከታጠረ የሞከሩትን ሀገሮች ልምድ እናጣለን። አጋጣሚ ሆኖ ይህን ጉዳይ ለረጅም ጊዜ ስከታተል ስለቆየሁ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ፤ ለርዝመቱ ይቅርታ።

የጣሪያ ተቃዋሚዎች ዘወትር የሚጠቅሱት ኬንያን ነው። በ2016 የወጣው ሕግ የባንክ ብድር ወለድ ሁሉ ከማዕከላዊ ባንኩ መነሻ ከ4 ነጥብ በላይ እንዳይርቅ አዘዘ። ቀድሞውንም እየቀዘቀዘ የነበረው የብድር ዕድገት ከዚያ በኋላ ይበልጥ ተዳከመ፤ ባንኮች ገንዘባቸውን ለትናንሽ ነጋዴዎች ከማበደር ይልቅ የመንግሥት ቦንድ መግዛትን መረጡ፤ በኅዳር 2019 ሕጉ ተሻረ። ልብ በሉ፤ 4 ነጥብ ማለት መያዣ ለሌለው ብድር እጅግ ጠባብ ነው። ከኬንያ የምማረው ጣሪያ ሁሉ ጎጂ መሆኑን አይደለም፤ ባንክ አማራጭ የገንዘብ ማስቀመጫ ባለበት ሀገር እጅግ ዝቅ ያለ ጣሪያ ማን ላይ እንደሚያርፍ ነው።

በሌላው ጫፍ ታይዋን አለች። በ2005 እና በ2006 የካርድ ዕዳ ቀውስ ውስጥ ገብታ ብዙ ቤተሰብ ከተጎዳ በኋላ፣ በ2015 የካርድ ወለድ ጣሪያን ከ20 ወደ 15 በመቶ አወረደች፤ የካርድ ገበያዋ አልጠፋም። ዝቅተኛ ወለድ ባለበት ሀገር ግን 15 በመቶ ሰፊ ቦታ ነው፤ ይህንንም መካድ የለብንም።

ለእኔ ከሁሉ የሚያስተምረው የጃፓን ጉዳይ ነው። በዚያ ሁለት ሕጎች ሳይጣጣሙ ኖረው በመካከላቸው ከ20 እስከ 29.2 በመቶ የሚደርስ «ግራጫ ቀጠና» የሚሉት ክፍተት ነበር፤ ትልልቆቹ የሸማች አበዳሪዎች የከበሩት በዚያ ክፍተት ውስጥ ነው። በ2006 የተሻሻለው ሕግ በ2010 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ጣሪያው እንደ ብድሩ መጠን ከ15 እስከ 20 በመቶ ሆነ። ነገር ግን ጃፓኖች በወለዱ አላቆሙም፤ አንድ ሰው ከእነዚህ አበዳሪዎች ሊበደር የሚችለው ጠቅላላ ገንዘብ ከዓመታዊ ገቢው ሲሶ እንዳይበልጥም ደነገጉ። ያለአግባብ የተሰበሰበ ወለድ እንዲመለስም ፍርድ ቤቶች ስለወሰኑ ታኬፉጂ የተባለው ግዙፍ አበዳሪ በ2010 ከስሮ ፍርድ ቤት ገባ። በኋላ የታየውን ደግሞ ልናገር፤ የገቢው ሲሶ ገደብ ባንኮችን ስለማይመለከት ባንኮች ራሳቸው ተመሳሳይ የካርድ ብድር ማስፋፋት ጀመሩ። ከዚህ በር የተባረረው በዚያ በር ገባ።

ፈረንሳይ ደግሞ ቁጥሩን በሕግ አትጽፍም። ማዕከላዊ ባንኩ በገበያው ያለውን አማካይ ወለድ በየሦስት ወሩ ያሰላና አንድ ሦስተኛ ጨምሮ ጣሪያ ያደርገዋል፤ ለትናንሽ ብድሮች የሚወጣው ጣሪያ በቅርብ ዓመታት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዘዴው ብልህ ይመስላል፤ ሆኖም በ2022 እና በ2023 ወለድ በፍጥነት ሲጨምር ጣሪያው ወደ ኋላ ስለቀረ ቤት ለመግዛት የፈለጉ ሰዎች ብድር እየተከለከሉ ተቸገሩ፤ ስሌቱም ለጊዜው በየወሩ እንዲሆን ተደረገ።

ብራዚልን ካልጠቀስሁ ግን ወለድ የት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል አይታይም። በዚያ ሳይከፈል ያደረ የካርድ ዕዳ በዓመት ከ400 በመቶ በላይ ወለድ ይታሰብበት ነበር። ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራው ሕግ የወለዱን ፍጥነት አልገደበም፤ የገደበው መድረሻውን ነው። ወለዱና ክፍያዎቹ ተደምረው ከመነሻው ዕዳ መብለጥ አይችሉም፤ 100 የተበደረ ሰው ቢበዛ 200 ይከፍላል።

---

ውል ይከበር

ከሩቅ ተመልካች ያመጡት የብራዚል ነገር እኔንም አሳሰበኝ። ዋጋ በመንግሥት እንዳይወሰን የምለው ሰው ነኝ፤ ዕዳ ግን ከራሱ በላይ ሲወልድ ዝም ይባል ማለት ይከብደኛል። ያም ሆኖ የብራዚሉ ሕግ ዋጋን ከመወሰን ይልቅ ውሉ መጨረሻ እንዲኖረው ማድረጉ ነው፤ ይህን ከ10 በመቶ ጣሪያ ጋር አንድ አድርጌ አላየውም።

ከኋላው ያለውን ጥያቄ ደግሞ ማንም አላነሣውም። በካርድ ሲሸጡ ከነጋዴዎች በሚሰበሰበው ክፍያ ባንኮች ለደንበኞች የስጦታ ነጥብ ይሰጣሉ። ወለዱ ሲገደብ ባንኩ ነጥቡን ይቀንሳል፣ ዓመታዊ ክፍያ ይጨምራል፣ የመዘግየት ቅጣቱን ያከብዳል። በየወሩ ጨርሶ የሚከፍለው ሰው ወለድ የማይመለከተው ቢሆንም ዋጋውን ይከፍላል።

---

የሕግ ተማሪ

ስለ ቅጣትና ክፍያ ያነሡት ስጋት ተፈትኗል። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ ባንኮች ባለው ዕዳ ላይ ወለድ በድንገት እንዳይጨምሩ፣ ለአዲስ ግዢ ወለድ ሲጨምሩም ከ45 ቀን በፊት እንዲያሳውቁ፣ የመዘግየት ቅጣትም ከጥፋቱ ጋር የተመጣጠነ እንዲሆን አዘዘ። ባንኮች ያጡትን በወለድ ያካክሱታል ተብሎ ነበር። በኋላ ገበያውን ያጠኑ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች ግን የክፍያዎቹ መገደብ ለተበዳሪዎች በዓመት ወደ 12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንዳተረፈላቸው፣ ወለዱ በዚያ ምክንያት እንዳልጨመረ፣ የሚሰጠው ብድርም እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ይህ ለወለድ ጣሪያ ማረጋገጫ አይሆንም፤ «ከዚህ ከተነካ በዚያ ይወጣል» የሚለው አባባል ግን ሁልጊዜ እንደማይሠራ ያሳያል።

---

የማኅበር አባል

አጭር ነገር ብቻ ልጨምር። በአሜሪካ የፌዴራል ፈቃድ ያላቸው የብድርና ቁጠባ ማኅበራት ከ1987 ጀምሮ ከ18 በመቶ በላይ ወለድ ማስከፈል አይችሉም። ካርድ ይሰጣሉ፤ አልከሰሩም። የጦር ሠራዊት አባላት ደግሞ በ2006 ሕግ መሠረት ክፍያዎችን ጨምሮ ከ36 በመቶ በላይ አይጠየቁም፤ ከ2017 ጀምሮ ክሬዲት ካርድም በዚህ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ጥያቄው «ጣሪያ ይኑር አይኑር» ሳይሆን ለምን ለአንዱ ኖሮ ለሌላው አይኖርም የሚለው ነው።

---

የቀድሞ አበዳሪ

የማኅበሩ ምሳሌ መልካም ነው፤ ነገር ግን ማኅበራቱ ከገቢ ግብር ነፃ መሆናቸውን፣ ትርፍ የሚጠብቅ ባለ አክሲዮን እንደሌላቸውና አባላቸውን በቅርብ እንደሚያውቁ አብረን እንመዝግብ። ሆኖም 18 በመቶ ላይ መሥራት መቻላቸው ከ22 በመቶ በላይ የሚያስከፍለውን ትልቅ ባንክ ማሳፈሩ አልቀረም፤ ይህን አልክድም።

---

ቁጥር ወዳጅ

እስካሁን ከተባለው አንድ ሐሳብ ልቅረጽ፤ ስህተቱን አሳዩኝ።

ቁርጥ ያለ ቁጥር፣ 10ም ይሁን 15፣ መጥፎ መሣሪያ ይመስለኛል። መነሻው ወለድ 3.25 በነበረበት ጊዜ 10 በመቶ ጣሪያ ለባንኩ 6.75 ነጥብ ይተውለታል፤ መነሻው 8.5 ሲሆን ግን 1.5 ነጥብ ብቻ ይቀረዋል። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ በአንዱ ዘመን ልል፣ በሌላው ዘመን ገዳይ ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ የሚገደበው ወለዱ ሳይሆን ከመነሻው በላይ የሚጨመረው ልዩነት ይሁን። ልዩነቱ በ2013 ወደነበረበት፣ ማለትም ወደ 10 ነጥብ አካባቢ ቢመለስ ገበያው ያኔ እንደሠራ እናውቃለን፤ ካርድ የሚያገኙ ሰዎች ነበሩ፣ ባንኮችም ያተርፉ ነበር። ዓመታዊውና ሌሎቹ ክፍያዎች በወታደሮቹ ሕግ እንደተደረገው በስሌቱ ውስጥ ይግቡ፤ አለበለዚያ ወለዱ ስሙን ለውጦ ይመለሳል።

ኬንያም የገደበችው ልዩነቱን ነበር የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ። ትክክል ነው፤ ግን 4 ነጥብና 10 ነጥብ አንድ አይደሉም፤ መያዣ በሌለው ብድር ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይገናኙም።

---

ከሩቅ ተመልካች

ሐሳብዎ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ አንድ ቀዳዳ ግን አለው። የ10 ነጥብ ልዩነት አማካይ ነው። በ2013ም ቢሆን የብድር ነጥቡ ዝቅተኛ የሆነ ሰው ከአማካዩ በላይ ይከፍል ነበር። አማካዩን ጣሪያ ያደረጉት ቀን ከአማካዩ በላይ የነበሩት ሁሉ ውጭ ይቀራሉ። ፈረንሳዮች አንድ ሦስተኛ የሚጨምሩት በከንቱ አይደለም።

---

ቁጥር ወዳጅ

ተቀብያለሁ። በአማካይ ላይ ጣሪያ ማበጀት ከቁጥር ሰው የማይጠበቅ ስህተት ነው፤ አፈርሁ። እንግዲያውስ ልዩነቱ ከ14 እስከ 15 ነጥብ አካባቢ ይሁን፤ በ8.5 መነሻ ላይ ሲደመር ይህ እኅታችን ከከፈሉት 24 በመቶ ብዙም አይርቅም፤ ከ30 በመቶ በላይ የሚያስከፍሉትን ካርዶች ግን ይነካል።

---

ባለዕዳ የነበረችው

በእውነት ያልጠበቅሁት ቦታ ላይ ደርሻለሁ። ለእኔ ይጠቅመኝ የነበረው 10 በመቶ ነው፤ እናንተ የምትሉት ግን እንዲህ ያለው ጣሪያ ካርዱን ከእጄ ያወጣው ነበር፤ ካርዱን የሚያተርፍልኝ ጣሪያ ደግሞ ወለዴን አይቀንስልኝም። ልቀበለው ከብዶኛል።

የቀድሞ አበዳሪን አንድ ነገር በግልጽ ልጠይቅዎ፤ ደስ ካላለዎት አይመልሱ። «ለዚህ ሰው አታበድር» የሚለው ውሳኔ በተግባር እንዴት ነው የሚከናወነው? ብድር ቀንሱ ስትባሉ መጀመሪያ የምትነኩት ማንን ነበር?

---

የቀድሞ አበዳሪ

እኅቴ፣ በቀጥታ ስለጠየቁኝ በቀጥታ ልመልስ። በ2008 እና በ2009 የገንዘብ ቀውስ ጊዜ፣ የወለድ ጣሪያ ሳይሆን ኪሳራ አስገድዷቸው፣ አበዳሪዎች ለካርድ የፈቀዱትን የብድር መጠን በሰፊው ቀንሰው ነበር፤ እኔ በምሠራበት ቤትም ይኸው ሆነ። መጀመሪያ የተነካው ዕዳ ያለበት ሰው አልነበረም፤ እሱ ወለድ እየከፈለ ነውና። መጀመሪያ የተነካው ካርዱን ለክፉ ቀን ብሎ ሳይጠቀምበት ያስቀመጠው ሰው ነው። ከፊታችን የሚቀርበው ዝርዝር ስም የለውም፤ የሂሳብ ቁጥር፣ የብድር ነጥብ፣ የተፈቀደው መጠንና ያልተነካው ገንዘብ ብቻ ነበር። ብዙዎቹ ደብዳቤውን ከፍተው አላነበቡትም መሰለኝ፤ የሚደውሉልን ካርዱ አንድ መክፈያ ላይ እንቢ ካላቸው በኋላ ነበር።

የእርስዎን ሂሳብ ያኔ ባየው ኖሮ አልነካውም ነበር። 5,000 ዶላር ዕዳ ይዞ በ24 በመቶ ወለድ 150 ዶላር ሳያጓድል የሚከፍል ሰው ለእኛ ከሁሉ የተሻለ ደንበኛ ነው። በ10 በመቶ ጣሪያ ሥር ግን ያው ሂሳብ በዝርዝሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይወጣ ነበር።